አቤት ያልኩበት ስም

አልተኛሁም። አባ ግን የተኛሁ መስሏቸው መርካቶ ሱቃቸው ውስጥ በቀስታ ይራመዳሉ፣ ከምሳ በኋላ ብርድ ልብስ ክምሩ ላይ ጋደም በይ ብለው ራሳቸው አንጥፈውልኝ፣ መጋረጃውን ራሳቸው ስበውልኝ፣ ከአውሮፕላን ከወረድኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ ሦስቱንም ቀን አይኔን ጨፍኜ ከመጋረጃው በዚያ በኩል የሚመጣውን ድምፅ እሰማለሁ፣ "ሀጂ፣ ዶክተሯ ተኝታለች?" ይላል አንዱ ደንበኛ፣ "ትረፍ፣ ደክሟታል፣ እዚያ አገር እንቅልፍ የሚባል ነገር የላቸውም እኮ" ይላሉ አባ፣ ድምፃቸው ውስጥ ያለው ኩራት መጥቶ ጎኔን ይወጋኛል፣ ሰው እንዴት በገዛ አባቱ ኩራት ይወጋል? ዛሬ እነግራቸዋለሁ። ትናንትም ዛሬ ብዬ ነበር። ከትናንት ወዲያ ከኤርፖርት ስንመጣ ታክሲው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ተጨናንቆ ሲቆም፣ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው "አልሐምዱሊላህ፣ ሳልሞት አየሁሽ" ሲሉኝ፣ አሁን ብዬ አፌን ከፍቼ ነበር፣ ከዚያ ሹፌሩ ዞሮ "ልጅዎ ናት?" አለ፣ "ዶክተር ናት፣ ስዊድን ነው ያለችው" አሉት፣ እኔም ፈገግ አልኩ። የማፍረው በፈገግታዬ ነው። ውሸት ተናግሬ አላውቅም ብዬ ለራሴ ስንት ዓመት ነግሬያለሁ፣ ፈገግ ነው ያልኩት፣ ዝም ነው ያልኩት፣ ሲጠሩኝ አቤት ነው ያልኩት።

አቤት ማለት የጀመርኩት በዘጠና ዓመተ ምሕረት ነው። ሕክምና ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ፣ የአባቴ ሱቅ ካለበት መደዳ ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ፣ ያውም ሕክምና፣ የገባሁ ዕለት አባ በግ አርደው መደዳውን አብልተዋል። ውጤት ተለጥፎ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ስሜን ሁለት ጊዜ ፈለግኩ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ የለም። አናቶሚ ወድቄያለሁ፣ ተባርሬያለሁ። በእግሬ መርካቶ ድረስ መጣሁ፣ መንገዱን አላስታውሰውም፣ የማስታውሰው ሱቁ በር ላይ ስደርስ አባ ከሦስት ነጋዴዎች ጋር ቆመው "ዶክተር!" ብለው ሲጠሩኝ ነው፣ ያኔ የቁልምጫ ያህል ነበር የሚሉት፣ እኔም "አቤት አባ" አልኩ። በቃ። ከዚያ አራት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ደብተሬን ይዤ እወጣለሁ፣ ሲኒማ ራስ ጋ ከቆሙት ሚኒባሶች አንዱ ውስጥ ገብቼ እስከ መጨረሻው ፌርማታ እሄዳለሁ፣ ወርጄ እንደገና ሌላው ውስጥ እገባለሁ፣ ከተማውን በመስኮት ጨረስኩት። የእናቴ ወንድም ጎተንበርግ ነበረ፣ እሱ ያስገባልኝ ማመልከቻ ሲሳካ አባ ራሳቸው "እዚያ ሄዳ ትጨርሰዋለች ማለት ነው" አሉ ለሰው፣ ውሸቱን እሳቸው ሠሩልኝ፣ እኔ ተሳፈርኩበት። እናቴ ያን ጊዜ ሞታለች። በሕይወት ብትኖር አይኔን አይታ ታውቅ ነበር።

ስዊድን ቋንቋ ተማርኩ፣ የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ሠራሁ፣ ነርሲንግ ገባሁ፣ ጨረስኩ፣ አጎቴ ሌላ አገር ሄደ፣ ብቻዬን ቀረሁ። ስመረቅ ነጭ ጋውን ለብሼ አንገቴ ላይ የልብ ማዳመጫ አንጠልጥዬ የተነሳሁትን ፎቶ ላክሁ፣ ከጀርባው ምንም አልጻፍኩም፣ ምንም አለመጻፌን አውቄ ነው የላክሁት። አባ አስፍተው፣ በመስታወት አስገብተው ሱቁ ውስጥ ሰቀሉት። ከዚያ ስልኩ መጣ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይደውላሉ፣ ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገውኝ፣ መደዳው ተሰብስቦ፣ "ሰዓደት፣ ሀጅራ ወገቧን እያመማት ነው፣ አናግሪያት"፣ "ዶክተር፣ ልጄ ሌሊት ሌሊት ያስለዋል"፣ "ዶክተር፣ ይቺ ኪኒን ከምግብ በፊት ናት ወይስ በኋላ?" እኔ ሐኪም ቤት ይሂዱ እላለሁ፣ የማውቀውን እላለሁ፣ የማላውቀውን ከመጽሐፍ አንብቤ እደውላለሁ፣ ስልኩን ስዘጋው ብብቴ ረጥቦ አገኘዋለሁ። አስራ አንድ ዓመት። በየዓርቡ።

ሥራዬ ኩላሊት እጥበት ነው። ማሽኑ ደሙን አውጥቶ አጥቦ ይመልሳል፣ አንድ ሰው በሳምንት ሦስቴ ይመጣል፣ ለዓመታት ይመጣል፣ ክንዱን ከፊቱ ይልቅ ታውቀዋለህ። ባለፈው ዓመት አለቃችን ጡረታ ስትወጣ ቦታውን ለእኔ ሰጡኝ፣ ሃያ ሁለት ነርስ፣ አስራ ስምንት ማሽን፣ እኔ አልጠየቅኩም፣ እነሱ ናቸው የጠሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አበቃልኝ። ተሳስተዋል አልኩ፣ አንድ ቀን አንዱ ፋይል ይከፍታል፣ ሰሌዳው ላይ ስሟ የሌለ ልጅ ናት ይላል። ሌሎች ያዩትን ማሽን እንደገና አያለሁ፣ ያየሁትን ሦስተኛ አያለሁ፣ ስብሰባ ሲኖር አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ እቆማለሁ። አንድ ቀን አንድ በሽተኛ መጣ፣ አረማመዱን ሳየው ደሙ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ልብ እስከማቆም ከፍ ብሏል አልኩ፣ ከላቦራቶሪ ውጤት በፊት ልቡ እንዲታይ አደረግኩ፣ ልክ ሆኖ ተገኘ፣ ሰውየው ተረፈ። ወጣቱ ሐኪም "እንዴት አወቅሽ?" አለኝ ተደንቆ። ምን ብዬ መለስኩለት? ይቅርታ አልኩት። ልክ ስለሆንኩ ይቅርታ ጠየቅኩት! የዚያን ዕለት አንሶላ ክፍሉ ውስጥ እያለቀስኩ የሆስፒታሉ ኃላፊ አገኘችኝ፣ እሷ ናት ወደ ቢርጊታ የላከችኝ።

ቢርጊታ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፣ ስልሳ የሚጠጋት፣ ሁልጊዜ ጉንፋን የያዛት ሴት፣ በመርካቶ ቋንቋ የእብድ ሐኪም። እዚያ መግባቴን ለማንም አልተናገርኩም፣ ከስብሰባ የምትሸሽ ነርስ፣ ከዚያ ደግሞ የእብድ ሐኪም ጋ የምትሄድ። መጀመሪያ ሰሞን ሰዓቱ እስኪያልቅ ስለ አየሩ አወራላት ነበር። አንድ የቤት ሥራ ሰጠችኝ፣ በየቀኑ ከሥራ ስወጣ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ያን ቀን በደንብ የሠራሁትን አንድ ነገር እንድጽፍ። ጻፍኩ፣ ከጎኑ ደግሞ ዕድል ነው እያልኩ ጻፍኩ። አነበበችው፣ አፍንጫዋን ተናፈጠች። "ሰዓደት፣ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ዕድል ብቻ?" አለች። ወረቀቱን መልሼ አጠፍኩት። "እሺ። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ የዋሸሽውን ንገሪኝ። ወረቀት አጭበርብረሻል?" አይ። "የማታውቂውን አውቃለሁ ብለሻል?" አይ፣ እንዲያውም የማውቀውን ይመስለኛል ነው የምለው። "ሂጂና ፈልጊ፣ ስታገኚ ንገሪኝ" አለችኝ። ሦስት ሳምንት ፈለግኩ፣ እውነቴን ነው፣ አንድ ውሸት ባገኝ ደስ ባለኝ ነበር። አጣሁ። ባዶ እጄን ስመጣ አየችኝና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ታዲያ የት ነው የዋሸሽው?" አለች። የት ነው? ያኔ ነው ሱቁ፣ ፎቶው፣ ዓርብ፣ አቤት፣ ሁሉም አንድ ላይ ከአፌ የወጣው፣ በስዊድንኛ ጀምሬ በአማርኛ ጨረስኩት፣ አማርኛ እንደማትሰማ ትዝ ያለኝ ካለቀ በኋላ ነው። ደግሜ በስዊድንኛ ነገርኳት። ቢርጊታ አላዘነችልኝም፣ አልተቆጣችኝም። "እፍረትሽ ከባዶ የመጣ አይደለም፣ ግን እዚህ ሥራ ላይ ያለሽው ሴትዮ ምንም አላደረገችም፣ ለምን እሷን ትቀጫታለሽ?" አለችኝ። ለወራት ይህን ጥያቄ ይዤ ዞርኩ፣ ቀስ በቀስ አንሶላ ክፍሉ ውስጥ መግባት ተውኩ፣ ስብሰባ ላይ መናገር ጀመርኩ። የእውነቱ እፍረት ግን እዚህ ነበር፣ መርካቶ፣ ራሴ ካልመጣሁ ማንም በፖስታ ሊልክልኝ አይችልም።

መጋረጃው ይገለጣል። አባ የዐስር ሶላት ሊሰግዱ አንዋር መስጊድ ሄደዋል፣ የገለጡት እትዬ ማሚቱ ናቸው። ራጉኤል አጥር ጥግ ሰፌድና ሙዳይ ሲሸጡ ዕድሜያቸውን የጨረሱ የእናቴ ጓደኛ፣ እናቴ ስትሞት ፀጉሬን ይሠሩልኝ የነበሩ። ይስሙኛል፣ ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ብርድ ልብሱ ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ።

"ምን ሆኑ እትዬ?"

"ምንም አይደል፣ አዲስ ጫማ ላጠኝ። ስላላመመኝ ናቅኩት። አምፒሲሊን ፈልቅቄ ነሰነስኩበት፣ እምቢ አለ። ሁለት ሳምንት ሆነው።"

ጨርቁን ሲፈቱት ሽታው ከአይኔ ቀደመኝ። ትንሿ ጣት ጠቁራለች፣ አጠገቧ ያለችው ልትከተላት ነው፣ ከእግራቸው ጀርባ ቀይ መስመር ወደ ላይ ይወጣል፣ እጄን ግንባራቸው ላይ አደረግኩ፣ ይፋጃል።

"ስኳር አለብዎት አይደል?"

"አለ። እሱማ የቆየ ነው።"

"ሁለት ሳምንት ሙሉ ሐኪም ቤት ለምን አልሄዱም?"

ሳቁ፣ በእኔ ሞኝነት እንደሚስቅ ሰው። "ምን አደርጋለሁ ሄጄ? አባትሽ ሰዓደት ልትመጣ ነው ብለው ነግረውኝ! ኤልሳቤት ልጄ በየቀኑ ትጨቀጭቀኛለች፣ ተዪኝ፣ የራሴ ዶክተር እየመጣችልኝ ለማላውቀው ሰው እግሬን አልሰጥም አልኳት። በይ አሁን ቅባቱን ጻፊልኝ።"

ሁለት ሳምንት። እኔን ሲጠብቁ ነው። ጎተንበርግ ሻንጣ ስከት፣ ለአባ ሹራብ ስመርጥ፣ እንዴት እንደምነግራቸው መስታወት ፊት ስለማመድ፣ እዚህ ይቺ ጣት በእኔ ስም ትጠቁር ነበር። አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ አልኳቸው። "አንቺ እያለሽ?" አሉ። ዛሬውኑ መታየት አለበት እትዬ፣ እግሩን ሊያሳጣዎት ይችላል አልኩ። "እኮ እዪውና ስጪኝ፣ ከሆስፒታሉ ምን ታንሻለሽ?" አሉና ጨርቁን መልሰው መጠቅለል ጀመሩ፣ ፊታቸው ላይ ቅያሜ አለ፣ ልጃቸው እንደናቀቻቸው። ስሙ መንገዱ ላይ ቆሟል። ዶክተር እስከተባልኩ ድረስ ከዚህ ክምር ላይ አይነሱም።

"እትዬ ማሚቱ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም።"

"አንቺ ቀልደኛ።"

"ወላሂ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ወድቄ ተባርሬያለሁ። ስዊድን የተማርኩት ነርስነት ነው። ነርስ ነኝ። ለአባም አልነገርኳቸውም፣ ለማንም አልነገርኩም።" እጃቸው ጨርቁ ላይ ቆመ። "ይህን እግር ግን አውቀዋለሁ። ከማክማቸው ሰዎች ግማሾቹ ስኳር ያለባቸው ናቸው፣ እግራቸውን በየሳምንቱ ነው የማየው። መርዙ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ዛሬ ከሄድን እግሩ ይተርፋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፣ ነገ ካሉ ግን አላውቅም።"

አውቀዋለሁ አልኩ። ይመስለኛል አላልኩም። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ ስሙን አውልቄ ስጥለው ነው ያልተንቀጠቀጠው፣ ይህን በዚያች ቅጽበት አላስተዋልኩትም፣ ምክንያቱም ቀና ስል አባ መጋረጃው ጋ ቆመዋል። ቆባቸው ራሳቸው ላይ ነው፣ ከኋላቸው ጎረቤታችን ጠይብ አለ፣ ሁለቱም ሰምተዋል። አባ አላዩኝም። የእትዬ ማሚቱን እግር አዩ፣ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ "ጠይብ፣ ላዳ ጥራ" አሉ።

ለባቡሩ ሐዲድ መንገዱን ቆፍረውት ላዳው ዙሪያ ጥምጥም ነው የሄደው፣ እኔ ከኋላ እትዬ ማሚቱን ደግፌ፣ አባ ከፊት፣ የማየው የአንገታቸውን ጀርባ ብቻ ነው፣ ፀጉራቸው እዚያ ጋ ነጭ መሆኑን ያን ቀን ነው ያየሁት። ድንገተኛ ክፍል የስኳሩን ዘመን፣ የቁስሉን ቀን፣ ሙቀቱን፣ የወሰዱትን መድኃኒት ለሐኪሙ ነገርኩት፣ "አንቺስ ማነሽ?" አለኝ እየጻፈ፣ "ነርስ" አልኩት፣ አባ አጠገቤ ቆመው። ማታውኑ ሁለት ጣት ቆረጧቸው። እግራቸው ተረፈ።

ኤልሳቤት ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። አብረን ነው ያደግነው፣ አንድ ወንበር ላይ ነው የተማርነው። "ሁለት ሳምንት ሙሉ ለምኛታለሁ" አለች፣ "ሁለት ሳምንት! ሰዓደት ትመጣለች፣ ሰዓደት ትመጣለች። ዶክተር አለመሆንሽን ቀድመሽ ብትነግሪን የእናቴ ጣት አይቆረጥም ነበር።" ቢርጊታ የእኔን እፍረትና የእኔ ያልሆነውን እንድለይ ነበር ያስተማረችኝ፣ ለይቼዋለሁ፣ ይሄኛው የእኔ ነው። "ልክ ነሽ" አልኳት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሄደች።

አራት ቀን አባ አላናገሩኝም። ቁርስ ያስቀምጡልኛል፣ ይወጣሉ። ሱቁ ስሄድ ወንበር ይለቁልኛል፣ አያዩኝም። ሰው ሲመጣ "ዶክተሯስ?" ይላል፣ ያልሰማ ሰው፣ አባ ወለሉን እያዩ "ደህና ናት" ይላሉ፣ ከሰማው ውስጥ ደግሞ አንዳንዱ ፎቶውን ቀና ብሎ አይቶ ፈገግ ይላል። እፍረቴን ተሸክሜ መጥቼ ለአባቴ አወረስኩ እላለሁ በልቤ፣ ለራሴ ቀለለኝ፣ እሳቸው ጎበጡ። ምነው ባልነገርኩ! ከዚያ ያቺን ጣት አስባለሁና ቃሌን እመልሳለሁ። በአራተኛው ቀን ሱቁን ከዘጉ በኋላ ቁልፉን በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ።

"ያላናገርኩሽ ሰው ምን ይለኛል ብዬ አይደለም" አሉ። "እሱም አለ፣ አልዋሽሽም። ግን በዚያ ስልክ ስንት ሰው አናገርሽ?"

"ብዙ ሰው አባ።"

"በአንቺ ምክር የተጎዳ አለ?"

"የማላውቀውን አልተናገርኩም። ሐኪም ቤት ሂዱ እላቸው ነበር። ግን እንደ እትዬ ማሚቱ እኔን ብሎ የቀረ ይኖር ይሆናል። አላውቅም።"

ቁልፉን ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። "እኔ በዚህ ሱቅ አርባ ዓመት ነግጃለሁ" አሉ፣ "ብል የበላው ብርድ ልብስ ሸጬ እንደሆን ስሰማ ገዢው እስኪመጣ አልጠብቅም። ራሴ እሄዳለሁ። ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ትወጫለሽ።"

ወጣሁ። ሱቅ በሱቅ ሄድን። ከሀጅራ ጀመርን፣ ወገቧን ከሚያማት፣ አባ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ "ልጄ የምትነግርሽ ነገር አላት" ይላሉ፣ ከዚያ አጠገቤ ይቆማሉ፣ አያግዙኝም፣ አይሄዱምም። ዶክተር አይደለሁም፣ ነርስ ነኝ፣ ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ፣ የሚያማችሁን እዚህ ላለ ሐኪም አሳዩ። ሀጅራ "ታዲያ ያልሽኝን አድርጌ ተሽሎኛል እኮ" ብላ ግራ ገባት። አንዱ ሳቀብኝ። አንድ ሽማግሌ "አላህ ይቅር ይበልሽ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ፣ እሳቸው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ አባ ክንዴን ያዙኝና ወደሚቀጥለው ሱቅ ወሰዱኝ። አንድ ቦታ ላይ ሰውየው ሞቷል አሉን፣ በምን ሞተ ብዬ ጠየቅኩ፣ መኪና ገጭቶት ነው አሉኝ፣ እፎይ አልኩ፣ በሰው ሞት እፎይ በማለቴ ደግሞ አፈርኩ። አስራ አራት ጊዜ ተናገርኩት። በአስራ አራተኛው ላይም እንደ መጀመሪያው ፊቴ ነደደ፣ ይለመዳል ያለ ሰው ዋሽቷል። ግን የሚነደው ፊቴ ብቻ ነበር። ማታ ለቢርጊታ ልጽፍላት አስቤ ተውኩት፣ ይህን በስዊድንኛ ምን ብዬ እጽፈዋለሁ።

የዚያ ቀን የመጨረሻው እትዬ ማሚቱ ቦታ ነበር፣ እሳቸው ገና ሆስፒታል ናቸው፣ ሰፌዶቹን ኤልሳቤት ናት የምትሸጠው። አላናገረችኝም፣ አላባረረችኝምም። ፀሐዩ በርትቶ ነበርና አባ እዚያው ራጉኤል አጥር ጥላ ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፣ ደክሟቸዋል፣ እኔ ቆሜያለሁ፣ ሰው በመካከላችን ሸክሙን ይዞ ያልፋል። ቆባቸውን አውልቀው ላባቸውን ጠረጉ። በአምስት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩት።

"እኔ ነርስ መርፌ የምትወጋ ብቻ ናት የሚመስለኝ" አሉ። "እዚያ የምትሠሪውን አላውቀውም። አስራ ስድስት ዓመት ሰው ልጅህ ምን ትሠራለች ሲለኝ ሌላ ሥራ ነው ስነግር የኖርኩት።" ድንጋዩ ላይ እንደ መጠጋት አሉ። "ተቀመጪ። ከጠዋት ጀምረሽ ንገሪኝ።"

ተቀመጥኩ። ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ፣ ማንም በአማርኛ ጠይቆኝ አያውቅማ። አባ እየጠበቁ ነው።

"ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ" አልኳቸው፣ "ክፍሉን የምከፍተው እኔ ነኝ።"